ድረ ገጽን ከድረ ገጽ የሚለየው ስሙ ነው፦ ስለ አድራሻና ፖርት ባይንዲንግ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአንድ ዌብ ሰርቨር ላይ በርካታ ድረ ገጾችን የሚያስተናግድ ባለሙያ የአድራሻና የፖርት ባይንዲንጎችን (ሰርቨሩ ለየድረ ገጹ ጥያቄ የሚቀበልባቸውን ምዝገባዎች) እንዴት ማደራጀት እንዳለበት የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሰርቨር አስተዳዳሪዎች መካከል ሲዘዋወር ሰንብቷል። የጽሑፉ ምክሮች ሲጠቃለሉ እንዲህ ይላሉ፦ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ አይፒ አድራሻ ስጡ፤ አድራሻው ካልበቃችሁ የተለየ ፖርት (በአድራሻው ላይ ያለ የመገናኛ ቁጥር) ስጡ፤ የአስተዳደር ገጾችን ባልተለመደ ፖርት ደብቁ፤ በአድራሻው ቦታ ኮከቧ (*) እንዳለች ትታችሁ እለፉ፤ ዋናውን ሳይት ያለ ስም ተዉት፤ ኤችቲቲፒኤስ (የታሸገውን የዌብ ግንኙነት) ካስገባችሁ ያልታሸገው ኤችቲቲፒ የሚገባበትን ፖርት 80ን ዝጉ፤ ፖርት ተይዟል ከተባላችሁ ደግሞ የያዘውን ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) ግደሉና ሰርቨሩን እንደገና አስነሡ።

ጸሐፊው የተነሡበት ችግር እውነተኛ መሆኑን አልክድም። የራሱን ድርጅት ድረ ገጽ የከፈተ ሰው የሌላ ድርጅት ገጽ ሲመጣበት፣ ወይም ብሮውዘሩ ሰርተፊኬቱ (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ) የዚህ ስም አይደለም ብሎ ሲያስጠነቅቀው የሚከተለውን የስልክ ጋጋታ ሰርቨር ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል። የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው። በአንድ ባይንዲንግ ውስጥ ያሉት አድራሻ፣ ፖርትና ስም ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሏቸው። ድረ ገጽን ከድረ ገጽ የሚለየው ስም ነው፤ አድራሻ የሚወስነው ጥያቄው በየትኛው የኔትወርክ በር ሊገባ እንደሚችል ነው፤ ፖርት ደግሞ ደንበኛውና ሰርቨሩ ሳይነጋገሩ አስቀድመው የሚያውቁት መገናኛ ነው። ጸሐፊው የስምን ሥራ ለአድራሻ፣ የአድራሻን ሥራ ለፖርት ሰጥተዋል፤ ከዚህ በታች የምቃወማቸው ምክሮች አብዛኞቹ የመነጩት ከዚህ ነው።

አንባቢ እንዳይደናገር አሠራሩን ባጭሩ ላስታውስ። በማይክሮሶፍቱ ዌብ ሰርቨር በአይአይኤስ ላይ ባይንዲንግ ማለት ከፕሮቶኮሉ ቀጥሎ በሁለት ነጥብ እየተለያዩ የሚጻፉ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አድራሻ፣ ፖርት፣ ስም። አይአይኤስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው የመጀመሪያው ሳይት «*:80:» የሚል ባይንዲንግ አለው። ኮከቧ «በየትኛውም አድራሻ» ማለት ናት፤ ከመጨረሻው ሁለት ነጥብ በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ «በየትኛውም ስም» ማለት ነው። አፓቺና ኤንጂንኤክስ የተባሉት ዌብ ሰርቨሮች ይህንኑ ለሁለት ከፍለው፣ አድራሻውንና ፖርቱን በአንድ ቦታ፣ ስሙን በሌላ ቦታ ይጽፉታል። በሁለቱም ዘንድ ሰርቨሩ ጥያቄው የደረሰበትን አድራሻና ፖርት አስቀድሞ ያያል፣ ከዚያም በዚያ አድራሻና ፖርት ላይ ከተመዘገቡት ሳይቶች መካከል በስም ይመርጣል። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ጸሐፊው ያማረሩበት መቀላቀል ምክንያቱ እዚህ ላይ ነውና።

ወደ መጀመሪያው ምክር እንምጣ። ጸሐፊው በስም መለየትን አስተማማኝነት የጎደለው፣ አድራሻ ላጣ ሰው የተፈጠረ ማቃለያ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 ቢጻፍ ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ ብሮውዘሩ የሚፈልገውን የድረ ገጽ ስም እንዲናገር አያስገድድም ነበርና። በቀጣዩ ዓመት በጃንዋሪ 1997 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 መስፈርት ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ስሙን ይዞ እንዲመጣ አስገደደ፤ ስሙን ያልያዘ የ1.1 ጥያቄ በቁጥር 400 መልስ መመለስ አለበት። ስለዚህ በስም መለየት ከዌቡ መሠረታዊ ደንቦች አንዱ ሆኖ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እኛ አገር በአንድ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ስንት ሠራተኛ ደብዳቤ እንደሚቀበል ይታወቃል፤ ቁጥሩ ደብዳቤውን እስከ መሥሪያ ቤቱ ያደርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ የሚናገረው በፖስታው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ሣጥን ይከራይለት የሚል የለም።

ኤችቲቲፒኤስ ሲመጣ ነገሩ ለጊዜው ተበላሽቶ እንደነበር እውነት ነው። ስሙ የሚገኘው በታሸገው ፖስታ ውስጥ ሆነ፤ ሰርቨሩ ማሸጊያውን ለመክፈት የትኛውን ሰርተፊኬት ማቅረብ እንዳለበት ለማወቅ ስሙን ይፈልጋል፣ ስሙን ለማንበብ ደግሞ መጀመሪያ ሰርተፊኬቱን ማቅረብ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ለእያንዳንዱ ኤችቲቲፒኤስ ሳይት የራሱን አይፒ መስጠት አማራጭ ያልነበረው መፍትሔ ነበር፣ የጸሐፊውም ምክር የዚያ ዘመን ቅሪት ይመስለኛል። በጁን 2003 መስፈርት ሆኖ የወጣው ኤስኤንአይ ይህን ፈታው፤ ብሮውዘሩ የሚፈልገውን ስም ገና ግንኙነቱ ሲጀመር፣ ማሸጉ ከመጠናቀቁ በፊት ይናገራል። አይአይኤስ ይህን መደገፍ የጀመረው ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጋር በወጣው ቁጥር 8 ነው። ለብዙ ጊዜ እንደ ሰበብ ሲጠቀስ የኖረው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ኤስኤንአይን ሳያውቅ ቀርቷል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በኤፕሪል 2014 ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ያዩት የሰርተፊኬት መቀላቀል ከየት መጣ? በአይአይኤስ የሚሠሩ እንደመሆናቸው የኤችቲቲፒኤስ ባይንዲንግ ሲጨምሩ የሚከፈተውን ትንሽ መስኮት ልብ ብለው ቢያዩት መልሱ እዚያ አለ። ስሙ ከሚጻፍበት ሣጥን ሥር ኤስኤንአይ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ካሬ አለች። ካሬዋ ባዶ ከተተወች ሰርተፊኬቱ የሚመዘገበው ከስሙ ጋር ሳይሆን ከአድራሻውና ከፖርቱ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳይት በሁሉም አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ ፖርት በ443 ላይ ሰርተፊኬቱን አስመዝግቦ ሳለ፣ ሁለተኛው ሳይት በዚያው አድራሻና ፖርት ሌላ ሰርተፊኬት ቢመርጥ፣ አዲሱ የድሮውን ይተካዋል፣ ሁለቱም ሳይቶች በአንድ ሰርተፊኬት ይቀርባሉ። አይአይኤስ ራሱ ይህን ሲያስጠነቅቅ መልእክቱ ሳይነበብ «እሺ» ይባልና ጥፋቱ በስም መለየት ላይ ይላከካል። ካሬዋን ምልክት ማድረግ አዲስ አይፒ ከመግዛት ይረክሳል።

በኤንጂንኤክስና በአፓቺ በኩል ያለው ወጥመድ ሌላ ነው፣ እርሱም ከጸሐፊው ምክር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። አንድ ሰርቨር አድራሻው 203.0.113.10 ነው እንበል። የመጽሐፍ መደብሩ ሳይት በየትኛውም አድራሻ በፖርት 80 እንዲያዳምጥ ተጽፏል፣ ስሙም በትክክል ሰፍሯል። ከዚያ አንድ ሰው የጸሐፊውን ምክር አንብቦ የክሊኒኩን ሳይት በ203.0.113.10 በፖርት 80 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ በዚያ አድራሻ የሚገባ ጥያቄ ሁሉ፣ የመጽሐፍ መደብሩን ስም የጠራውም ጭምር፣ ክሊኒኩ ዘንድ ይደርሳል። ምክንያቱም ሰርቨሩ አስቀድሞ የሚመርጠው አድራሻው ይበልጥ የተወሰነውን ባይንዲንግ ነው፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው ክሊኒኩ ብቻ ስለሆነ የመጽሐፍ መደብሩ ስም ከነጭራሹ ለውድድር አይቀርብም። ኮንፊገሬሽኑ ሲፈተሽ ምንም ስሕተት አይታይበትም፣ ሎጉም ቅሬታ አያሰማም። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ዓይነት መጻፍ ነው፤ ወይ ሁሉም በኮከብ፣ ወይ ሁሉም በዚያው አድራሻ። ጸሐፊው በሽታው ነው ያሉትን መቀላቀል፣ በግማሽ መንገድ ሲተገበር፣ የራሳቸው መድኃኒት ይፈጥረዋል።

ስለ ወጪም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፣ ጽሑፉ አድራሻ በነጻ የሚታፈስ አስመስሎታልና። የአይፒቪ4 (የቆየው የአይፒ ዓይነት) አድራሻዎች ጠቅላላ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ ዓለም አቀፉ ማከፋፈያ የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ክምችቶች ለአምስቱ የአህጉር መዝገቦች ሰጥቶ የጨረሰው በፌብሩዋሪ 2011 ነው። የእኛ አህጉር መዝገብ የሆነው፣ መቀመጫውን ሞሪሺየስ ያደረገው አፍሪኒክ ከሌሎቹ ዘግይቶም ቢሆን በጃንዋሪ 2020 ወደ መጨረሻው የቁጠባ ደረጃ ገብቷል። አማዞን ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ይፋዊ አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ ይህ በዓመት 43.80 ዶላር ነው፣ ሃያ ሳይት ያለው ድርጅት የጸሐፊውን ምክር ቢከተል ለአድራሻ ብቻ 876 ዶላር በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል ማለት ነው። የተለየ አድራሻ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ኤስኤንአይ የማያውቁ የቆዩ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ከዓመታት በፊት የተተከሉና ሶፍትዌራቸው የማይታደስ፣ የሚገናኙበት አገልግሎት ካለ ለእርሱ የራሱ አድራሻ ይገባዋል። ይህ ግን ልዩ ሁኔታ ነው፣ ደንብ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክር፣ አድራሻ ሲጠፋ ለእያንዳንዱ ሳይት 8081፣ 8082፣ 8083 እያሉ ፖርት ማደል፣ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አንድ ሰው ስሙን ብሮውዘር ላይ ሲጽፍ ብሮውዘሩ የሚሄደው ወደ 443 ወይም ወደ 80 ነው፤ ስሙን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው የተለመደው የዲኤንኤስ መዝገብ ስለ ፖርት የሚናገርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ፖርቱ በእያንዳንዱ ሊንክ፣ በእያንዳንዱ የታተመ ማስታወቂያ ላይ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ሳይቱ የለም። ደንበኛው ያለበት ኔትወርክ ወደ ውጭ የሚፈቅደው 80ንና 443ን ብቻ ከሆነ፣ በብዙ ባንኮችና ሆቴሎች እንደሚታየው፣ ገጹ ለእርሱ አይከፈትም። ብሮውዘሮች ደግሞ 6000ን፣ 6667ንና 10080ን የመሳሰሉ ፖርቶችን ለደኅንነት ሲሉ ራሳቸው ይከለክላሉ፤ አስተዳዳሪው ሰርቨሩን ሲመረምር ይውላል፣ ጥያቄው ግን ከብሮውዘሩ አልወጣም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው ልብ የማይለው የኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጽ በብሮውዘር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መለያ፣ ጉዳይ ነው። ብሮውዘር ኩኪን የሚያስቀምጠው በስም ነው፣ በፖርት አይለየውም፤ በ2011 የወጣው የኩኪ መስፈርት ይህን በግልጽ አስፍሯል። በአንድ የውስጥ ሰርቨር ስም ሥር የፋይናንሱ ፕሮግራም በ8081፣ የሰው ሀብቱ በ8082 ተቀምጠዋል እንበል፣ ሁለቱም ጃንጎ በተባለ የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ ናቸው። ጃንጎ ካልተቀየረ በቀር የገባውን ሰው ለሚያስታውሰው የሴሽን ኩኪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ይሰጣል። ሠራተኛዋ ፋይናንስ ውስጥ ገብታ እየሠራች ሳለ የፈቃድ ቅጽ ለመሙላት የሰው ሀብቱን ትከፍታለች፣ እዚያ ስትገባ አዲሱ ኩኪ የድሮውን ይደመስሰዋል፣ ወደ ፋይናንስ ስትመለስ እንደገና ግቢ ትባላለች። እርሷ ሲስተሙ ያስወጣኛል ብላ ታመለክታለች፣ የፕሮግራሙ ሠሪዎች የሴሽን ጊዜውን ያራዝማሉ፣ ምንም አይለወጥም። ለሁለቱ ፕሮግራሞች ሁለት ስም በውስጥ ዲኤንኤስ ላይ ቢመዘገብና ሁለቱም በ443 ቢቀርቡ ችግሩ በዚያው ያበቃል።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ፖርት የማደል ልማድ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ ነው። አንድ ይፋዊ አድራሻ ብቻ አለ፣ ከኋላው ደግሞ ሁለትና ሦስት ማሽኖች፤ ራውተሩ 8081ን ወደ አንዱ፣ 8082ን ወደ ሌላው እንዲያስተላልፍ ይደረጋል። ይህን ለማስቀረት 80ንና 443ን ወደ አንድ ማሽን ብቻ ማስተላለፍና በዚያ ላይ ሪቨርስ ፕሮክሲ አስቀምጦ ጥያቄዎቹን በስማቸው ወደየማሽኑ ማከፋፈል በቂ ነው። ከፕሮክሲው ጀርባ 8081ም ሆነ 8082 የፈለጉትን ያህል ቢደረደሩ አልቃወምም፤ እዚያ ፖርቱን የሚያውቀው ፕሮክሲው ብቻ ነው። በዚህም ቢሆን በሊኑክስ ላይ ከ32768 እስከ 60999 ያሉትን ባይነኩ ይሻላል፣ ሲስተሙ ራሱ ወደ ውጭ ለሚያደርጋቸው ግንኙነቶች ከዚያ መካከል ስለሚመዝ አንዳንድ ቀን ፕሮግራሙ ሲነሣ ፖርቱን ተይዞ ያገኘዋል።

የአስተዳደር ገጽን ባልተለመደ ፖርት ስለ መደበቅ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ፖርቶቹ በጠቅላላ 65,535 ናቸው፣ ማሽን ለማሰስ ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ በአንድ ጊጋቢት መስመር ከአንድ ማሽን ተነሥቶ መላውን የአይፒቪ4 ዓለም በአንድ ፖርት ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስሳል። የአስተዳደር ገጽ መታየት የሌለበት ከሆነ በ127.0.0.1 (ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ በሚነጋገርበት አድራሻ) ወይም በውስጡ ኔትወርክ አድራሻ ላይ ብቻ ያዳምጥ፤ ጸሐፊው ለፖርት የሰጡት ሥራ የአድራሻ ነው ያልኩት ይህን ነው።

ይህም ወደ ኮከቧ ያመጣናል። ጸሐፊው በአድራሻው ቦታ ሁልጊዜ ኮከብ ይደረግ፣ ልዩነት የለውም ይላሉ። ለሕዝብ ለተከፈተ ድረ ገጽ ከሆነ እኔም እስማማለሁ፣ እንዲያውም የተሻለው ምርጫ እርሱ ነው፤ በክላውድ ላይ ያሉ ማሽኖች ይፋዊ አድራሻቸውን ራሳቸው ላይ አያገኙትም፣ አድራሻው ከውጭ ተተርጉሞ ነው የሚደርሳቸው፣ ስለዚህ ያንን አድራሻ ባይንዲንግ ላይ የጻፈ ሰው ሰርቨሩ እንዲህ ያለ አድራሻ የለኝም ብሎ አልነሣም ሲለው ይገረማል። ለሌላው ሁሉ ግን ኮከብ ማለት ማሽኑ ባለው ገመድ ሁሉ፣ በቪፒኤኑም በኩል፣ ለባክአፕ በተዘረጋውም መስመር በኩል፣ አገልግሎቱን ክፍት ማድረግ ማለት ነው።

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የሞንጎዲቢን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በጃንዋሪ 2017 በሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ይዘታቸው ተደምስሶ በምትኩ የቤዛ ክፍያ የሚጠይቅ መልእክት ተቀመጠባቸው። ወንጀለኞቹ ረቂቅ የሆነ ዘዴ አልተጠቀሙም፤ ዳታቤዞቹ በሁሉም አድራሻ ያዳምጡ ነበር፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቁም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የሞንጎዲቢ ቁጥር 3.6 በየትኛውም መንገድ ቢጫን መጀመሪያ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ተደርጎ መጣ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የተቀየረው አንድ ዲፎልት አድራሻ ነው።

ፋየርዎል አለን የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፋየርዎል ይኑር፣ ነገር ግን ሁለት ቀዳዳዎች በተደጋጋሚ ይታያሉ። አንደኛው አዲሱ የአይፒ ዓይነት አይፒቪ6 ነው፤ ኮከቧ በብዙ ሰርቨሮች ላይ በአይፒቪ6 «በየትኛውም አድራሻ» ማለት የሆነውን «[::]»ንም ታጠቃልላለች፣ የፋየርዎል ሕጉ ግን ለአይፒቪ4 ብቻ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በተባለ የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደው ዶከር ነው፤ በኡቡንቱ ላይ በዩኤፍደብሊው (በፋየርዎል ማስተካከያው) ፖርት የዘጋ አስተዳዳሪ፣ ዶከር ያንኑ ፖርት ለኮንቴይነር ሲከፍት የራሱን ሕግ ቀድሞ ስለሚያስገባ የእርሱ ክልከላ አይሠራም፣ የፋየርዎሉ ሪፖርት ግን ዝግ ነው እያለ ይቀጥላል። ከፖርቱ በፊት 127.0.0.1 ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ይደፍናል።

ዋናውን ሳይት ያለ ስም ስለ መተው የተሰጠው ምክር፣ ማንም ስሙን አሳስቶ ቢጽፍ እንኳ ወደ እኛ ይድረስ በሚል በጎ አሳብ የተሰጠ ይመስላል። ስሙ ባዶ የሆነ ባይንዲንግ የሚቀበለው ግን የተሳሳተውን ብቻ አይደለም። የማያውቁት ሰው የራሱን ዶሜይን ወደ እርስዎ አድራሻ ቢያመለክት ድረ ገጽዎ በእርሱ ስም ይከፈታል፣ የፍለጋ ሞተሮችም እንደዚያው ሊመዘግቡት ይችላሉ። ከዚህ የከፋው የይለፍ ቃል ማደሻ ሊንክ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ሊንኩን የሚሠሩት ጥያቄው ይዞት ከመጣው ስም ነው፣ ስለዚህ አጥቂው የራሱን ስም በጥያቄው ውስጥ አስገብቶ የሌላ ሰውን ይለፍ ቃል ለማደስ ቢጠይቅ፣ ሰርቨሩ ለባለቤቱ እውነተኛ ኢሜይል ይልካል፣ በኢሜይሉ ውስጥ ያለው ሊንክ ግን ወደ አጥቂው ሰርቨር የሚወስድ ይሆናል። ስም የለሹ ሳይት መኖር አለበት፣ ነገር ግን ምንም የማይሰጥ ባዶ ሳይት ይሁን። በኤንጂንኤክስ ላይ ዲፎልት የሚባል ካልተሰየመ በፋይሉ ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ሳይት ይህን ቦታ ይይዛል፣ ፋይሎቹም በፊደል ተራ ስለሚነበቡ ምርጫው በአጋጣሚ ይወሰናል፤ ዲፎልቱን በግልጽ ሰይሞ 444 እንዲመልስ፣ ማለትም ያለ መልስ ግንኙነቱን እንዲዘጋ፣ ማድረግ ጥሩ ነው።

ፖርት 80ን ሙሉ በሙሉ ዝጉ የሚለው ምክር ከደኅንነት አንጻር ትክክል ይመስላል፣ ሰው ግን የስም አድራሻ የሚጽፈው እንደ ለመደው ነው፣ የቆዩ ሊንኮችም በኤችቲቲፒ የተጻፉ ናቸው። በ80 ላይ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ከማዞር ሌላ ምንም የማይሠራ ባይንዲንግ ማስቀመጥና ብሮውዘሩ ከዚያ በኋላ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲመጣ የሚያዝዘውን ኤችኤስቲኤስን መጨመር ይሻላል። ሌላው ምክንያት የሰርተፊኬት እድሳት ነው። ሰርተፊኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት በብዛት የሚሠራበት የኤችቲቲፒ ማረጋገጫ የሚጀምረው በፖርት 80 ብቻ ነው፤ 80ን የዘጋ ሰው ለውጡ ምንም እንዳላመጣ አይቶ ደስ ይለዋል፣ ሰርተፊኬቱ ጊዜው ሲያልፍ ነው የሚነቃው። ይህ ጉዳይ ደግሞ እየጠበበ ነው የሚሄደው፤ የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብሮውዘር ሠሪዎች ጉባኤ በኤፕሪል 2025 በወሰነው መሠረት ትልቁ የሰርተፊኬት ዕድሜ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ 200 ቀን፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በእጅ ማደስ የማይታሰብ ስለሚሆን ለራስ ሰር እድሳቱ የሚያስፈልገውን በር ዛሬ መዝጋት አይገባም። ሰው በብሮውዘር የማይገባበት፣ በማሽኖች መካከል ብቻ የሚሠራ አገልግሎት ከሆነና እድሳቱ በዲኤንኤስ በኩል ከተረጋገጠ ግን ጸሐፊው እንዳሉት ቢዘጋ ምንም አይጎድልም።

የቀረው ፕሮሰሱን ግደሉና ሰርቨሩን አስነሡ የሚለው ነው። በዊንዶውስ ላይ ፖርቶችን የሚያሳየውን የኔትስታት ትእዛዝ በአስተዳዳሪ መብት ከፍቶ ፖርት 80ን ማን እንደያዘው የጠየቀ ሰው የሚያገኘው የፕሮሰስ ቁጥር 4 ነው፤ የቁጥር 4 ባለቤት ደግሞ ራሱ «ሲስተም» ነው፣ አይገደልም። ምክንያቱ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ጀምሮ ፖርቱን የሚያዳምጠው አይአይኤስ ሳይሆን በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለ ኤችቲቲፒ ሲስ የተባለ ክፍል መሆኑ ነው፤ እርሱ ጥያቄውን ተቀብሎ ለተመዘገበው ሁሉ ያከፋፍላል፣ ለአይአይኤስም፣ ለኤስኪውኤል ሪፖርቲንግ ሰርቪስም፣ ለሌሎችም። መጠየቅ ያለበት ኔትሽ በተባለው የዊንዶውስ ኔትወርክ ትእዛዝ በኩል ይህ ክፍል ለማን ለማን ምን እንደመዘገበ ነው። እግረ መንገዳችሁን እዚያው ያለውን የሚያዳምጥባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር እዩ፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ በሁሉም አድራሻ ያዳምጣል፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት አንድ አድራሻ ጨምሮበት ከሆነ ግን በሌሎቹ አድራሻዎች ላይ፣ በ127.0.0.1 ላይም ጭምር፣ የአይአይኤስ ባይንዲንጉ ምንም ቢል ዝም ይላል።

ባይንዲንግ ለመቀየር አይአይኤስን ሙሉ በሙሉ ማስነሣት በዚያ ማሽን ላይ ያሉትን ሳይቶች ሁሉ ያቋርጣል፣ ያለ ጥቅምም ነው፤ ለውጡ ሲመዘገብ ወዲያው ይሠራል። በኤንጂንኤክስም ኮንፊገሬሽኑን አስፈትሾ ሪሎድ ማለት፣ ማለትም ሳይጠፋ እንደገና እንዲያነበው ማዘዝ፣ ይበቃል፤ የድሮዎቹ ሠራተኛ ፕሮሰሶች የጀመሩትን ጨርሰው ይወጣሉ፣ አዲሶቹ ይተካሉ። ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑበት አንድ ሁኔታ አለ፣ እርሱን ግን አልጠቀሱትም። በሊኑክስ ላይ ያለ ኤንጂንኤክስ በኮከብ ሲያዳምጥ ቆይቶ ሁሉም ሳይቶች ወደ አንድ የተወሰነ አድራሻ ከተቀየሩ፣ ሪሎዱ አዲሱን አድራሻ ለመያዝ የሚሞክረው የድሮውን ኮከብ ሳይለቅ ነው፤ ስለዚህ ፖርቱን የያዘበት ራሱ ሆኖ ሳለ በስሕተት ቁጥር 98 አድራሻው ተይዟል ይላል፣ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይተወውና በድሮው ኮንፊገሬሽን ይቀጥላል። ሪሎድ ያዘዘው ሰው ስክሪን ላይ ምንም አይታየውም፣ መልእክቱ ያለው በስሕተት ሎጉ ውስጥ ነው። ለዚህ ለውጥ ሙሉ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ከማስነሣቱ በፊትና በኋላ በኤስኤስ ትእዛዝ በ80ና በ443 ላይ የሚያዳምጡትን አድራሻዎች ማየት፣ ከዚያም ድረ ገጽን ከትእዛዝ መስመር የሚጠራው ከርል ስምን ከተወሰነ አድራሻ ጋር አስገድዶ እንዲልክ በሚያደርገው አማራጩ እያንዳንዱን ሳይት በስሙ ጠርቶ የሚመለሰውን ሰርተፊኬት ማረጋገጥ ይቻላል፣ ለዚህም ዲኤንኤስን መንካት አያስፈልግም።